ጥቁር ሼል፦ ብዙ ዓይነት ብረታ ብረት ያለበት፣ አንዱም በቀላሉ የማይወጣበት አለት

ስዊድን ከ2018 ጀምሮ ጸንቶ የቆየውን ዩራኒየም የማውጣት ክልከላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አንስታለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለውጡን ተከትሎ በሚደረገው ንግግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲቀላቀሉ ይሰማል። አንዳንዱ አገሪቱ በቅርቡ የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ እንደምትከፍት አድርጎ ያወራል። ሌላው ደግሞ በዬምትላንድ ክፍለ አገር መሬት ሥር በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን ቫናዲየም፣ ኒኬልና ዩራኒየም ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስለዋል። በሁለቱም ወሬዎች ውስጥ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም አለቱ ራሱ፣ ተረስቷል። በቢሊዮን ቶን የሚለካው አለቱ ሲሆን ጥቁር ሼል ይባላል። ብረታ ብረቱ በውስጡ የተበተነው በጣም በጥቂቱ ነው።

ከዚህ አለት ብረታ ብረት ማውጣት እንደሚቻል ጥርጥር የለም፤ ፊንላንድ ዛሬ በብዛት እያወጣች ነው። የሚያከራክረው ተፈላጊው ብረታ ብረት ሲሟሟ አብሮት ምን ያህል የማይፈለግ ነገር እንደሚሟሟ፣ ያም ወዴት እንደሚሄድ ነው። የእነዚህ ፕሮጀክቶች ትርፍም ኪሳራም፣ በአካባቢው ላይ የሚደርሰው ጉዳትም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነው።

አለቱ እንዴት ተሠራ

ሼል ከባሕር ወለል ላይ የዘቀጠ ደቃቅ ጭቃ በላዩ በተከመረው ደለል ክብደት ተጨምቆ የደነደነ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በስስ በስስ የሚሰነጠቅ ደለል አለት ነው። ጥቁር የሚሆነው የሞቱ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ሳይበሰብስ በውስጡ ሲቀር ነው። ይህ የሚሆነውም በባሕሩ ጥልቀት ኦክስጅን ሲያጥር ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በባሕር ውኃ የሟሟውን ሰልፌት የተባለ የሰልፈር ጨው ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ማለትም የበሰበሰ እንቁላል ወደሚሸት ጋዝ ይለውጡታል። ጋዙ በጭቃው ካለው ብረት ጋር ሲዋሐድ ፓይራይት የሚባለውን ወርቅ መሳይ ማዕድን ይሠራል።

በኦክስጅን የበለጸገ የባሕር ውኃ ዩራኒየም፣ ቫናዲየምና ሞሊብዲነም በጥቂቱም ቢሆን አሟሙቶ ይይዛል። ውኃው ኦክስጅን ወዳጣው ጥልቀት ሲደርስ ግን እነዚህ ንጥረ ነገሮች የመሟሟት አቅማቸውን ያጡና ከካርቦናማው ጭቃ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ደለሉ እጅግ በዝግታ ሲከማች ደግሞ ጭቃው ከባሕሩ ለመቅሰም ሰፊ ጊዜ ያገኛል። በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ መሬት ሥር የሚገኘው «አለም ሼል» የሚባለው አለት ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ለቆዳ ማልፊያና ለቀለም ማጽኛ ከሚያገለግለው አለም ከሚባል ጨው ነው፤ ስዊድናውያን ይህን ጨው ከአለቱ ማውጣት የጀመሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፊንላንዱ የሶትካሞ አለት በዕድሜ ይበልጣል፤ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነውና በሙቀትና በግፊት ስለተለወጠ ዛሬ ሼል መባሉ ቀርቶ ጥቁር ሺስት ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ንጽጽር አለ። በጀርመንና በፖላንድ የሚገኘው «ኩፕፈርሺፈር»፣ ማለትም የመዳብ ሼል፣ በጀርመኑ ማንስፌልድ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1990 ድረስ ሲቆፈር ኖሯል። በፖላንድም ከ1957ቱ ግኝት በኋላ አገሪቱን ከዓለም ታላላቅ የብር አምራቾች ተርታ አሰልፏታል። ይህን እየጠቀሱ «ጥቁር ሼል ያዋጣል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የዚያ አለት መዳብና ብር ከጭቃው ጋር የዘቀጠ ሳይሆን ኋላ ላይ ከሥር የመጣ ጨዋማ ሙቅ ውኃ ተሸክሞ ያስቀመጠው ነው። በመሆኑም በቀጭን ንጣፍ ውስጥ በብዛት ተጠራቅሟል፤ ተፈጭቶ በአረፋ በማንሳፈፍም ከአለቱ ሊለይ ይችላል። የስዊድኑ ሼል ይህ ዕድል አልገጠመውም።

በአንድ ኩንታል ውስጥ ምን አለ

የማዕድን ኩባንያዎች «ሀብት» እና «ክምችት» የሚሉትን ቃላት በተለያየ ትርጉም ይጠቀማሉ። ሀብት የሚሉት በቁፋሮ ናሙና ተገምቶ ወደፊት ሊወጣ ይችላል የሚባለውን መጠን ነው። ክምችት ደግሞ የማውጫው ዘዴ፣ ወጪው፣ የገበያ ዋጋውና ፈቃዱ ተሰልቶ በትርፍ ሊወጣ እንደሚችል የታመነበት ነው። በዬምትላንድ ስላሉት ሄጎንና ቪኬን ስለሚባሉ ሥፍራዎች የሚነገሩት ግዙፍ ቁጥሮች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ዜናው በአማርኛ ሲመለስ ሁለቱም «ክምችት» ስለሚባሉ ልዩነቱ ይጠፋል።

ቁጥሩን በኩንታል ማሰብ ይረዳል። ከሶትካሞ የወጣ አንድ ኩንታል አለት ውስጥ ሩብ ኪሎ ገደማ ኒኬል፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ዚንክ፣ ከ130 እስከ 140 ግራም መዳብና 20 ግራም ያህል ኮባልት ይገኛል። ዩራኒየሙ በአንድ ሙሉ ቶን እንኳ 20 ግራም አይሞላም። በዚያው ኩንታል ውስጥ ግን ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሚገመት ሰልፈር፣ ከዚያ ያላነሰ ብረትና ብዙ ኪሎ ካርቦን አለ። ይህ ማለት ኒኬሉን ለማሟሟት የሚዘጋጀው አሲድ ከኒኬሉ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ብረትና ሰልፈር ያገኛል ማለት ነው። የሄጎን አለት ዋና ሀብቱ ቫናዲየም ሲሆን፣ እሱም በቫናዲየም ኦክሳይድ ሲሰላ የአለቱ 0.3 በመቶ ገደማ ነው።

ሁሉም በአንድ ቁልፍ አይከፈቱም

በአንድ አለት ውስጥ ስድስትና ሰባት ዓይነት ተፈላጊ ብረታ ብረት አለ ሲባል ገቢው በስድስትና በሰባት የሚባዛ ይመስላል። እያንዳንዱ ግን የተቀመጠው በተለያየ ማዕድን ውስጥ ነው። ኒኬል፣ ኮባልት፣ ዚንክና መዳብ በአብዛኛው የሚገኙት በሰልፋይድ፣ ማለትም ከሰልፈር ጋር በተዋሐዱ ማዕድናት ውስጥ ነው፤ እነዚህ በአየርና በአሲድ ይፈርሳሉ። ዩራኒየሙ ከካርቦናማው ቅሪትና ከፎስፌት ጋር ስለተጣበቀ በሰልፈሪክ አሲድ ሊወጣ ይችላል። ቫናዲየሙ ግን በአብዛኛው በሸክላ ማዕድናቱ ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል። እሱን ለማስለቀቅ አለቱን በከፍተኛ ሙቀት መቁላት ወይም በግፊትና በሙቀት በታገዘ ኃይለኛ አሲድ የሸክላውን መዋቅር ማፍረስ ያስፈልጋል።

በደቡብ ቻይና «የድንጋይ ከሰል አለት» ከሚሉት ጥቁር ሼል ቫናዲየም ለረጅም ጊዜ ሲወጣ የኖረው ከገበታ ጨው ጋር በመቁላት ነበር። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም ክሎሪንና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ወደ አየር ስለሚለቅ እየተተወ በአሲድ ማሟሟት ተተክቷል። አሲዱም የራሱ ዕዳ አለው። አለቱ የኖራ ድንጋይ ከተቀላቀለበት አሲዱ ቫናዲየሙ ጋ ሳይደርስ ኖራው ላይ ያልቃል፤ ሸክላው ሲፈርስ ደግሞ አሉሚኒየምና ፖታሲየም በገፍ ይለቀቃሉ። ፖታሲየሙን ለማዳበሪያ መሸጥ ይቻላል ይባላል። አሉሚኒየሙ ግን የሚጣል ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ታልቪቫራ፦ ባክቴሪያው ሠርቶ ውኃው ሲያመልጥ

ስለ ጥቁር ሼል የሚደረግ ማንኛውም ክርክር መጨረሻው በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በሶትካሞ ወረዳ የሚገኘው የቀድሞው ታልቪቫራ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ በዚህ ዓይነት አለት ላይ ኒኬልን በባክቴሪያ በግዙፍ መጠን ለማውጣት የተሞከረው እዚያ ነውና። ምርቱ የተጀመረው በ2008 ነው።

ዘዴው «ባዮሊቺንግ»፣ በባክቴሪያ ማሟሟት ይባላል። አለቱ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ ተፈጭቶ በሰልፈሪክ አሲድ ከታሸ በኋላ 8 ሜትር ከፍታ ባለው ሰፊ ክምር ይደረደራል። ከሥሩ በቱቦ አየር ይነፋበታል፤ ከላዩ አሲዳማ ውኃ ይንጠባጠብበታል። በአካባቢው አፈርና ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ከብረትና ከሰልፈር ኃይል ያገኛሉ፤ በዚህ ሂደት ሰልፋይዱን ሲያፈርሱት ኒኬሉ በውኃው ውስጥ ይሟሟል። የፍግ ክምር በብርድ ማለዳ ከውስጡ እየጋለ እንደሚጨስ ሁሉ፣ ክምሩም በፊንላንድ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚወርድ ቅዝቃዜ ውስጥ የራሱን ሙቀት ይዞ ይቆያል። አለቱ በመጀመሪያው ክምር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከቆየ በኋላ ወደ ሁለተኛ ክምር ተዛውሮ ለተጨማሪ ዓመታት ይታጠባል። ከሥር የሚሰበሰበው ውኃ ወደ ፋብሪካ ገብቶ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ አማካይነት መጀመሪያ መዳቡና ዚንኩ፣ ቀጥሎ ኒኬሉና ኮባልቱ እንዲዘቅጡ ይደረጋል። የቀረው ብረት፣ አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ በኖራ ይረጋል፤ የሚወጣው ጂፕሰማዊ ዝቃጭም ወደ ኩሬ ይገባል።

ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሠሩ። የተሳሳተው የውኃው ስሌት ነበር። ክፍት ሜዳ ላይ የተዘረጋ ክምር ዝናብና የሚቀልጥ በረዶ ሁሉ ይሰበስባል፤ የገባው ከሚተነው ሲበልጥ ትርፉ ውኃ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። ዝናብ በበዛበት በ2012 ትርፉ ውኃ ለዝቃጭ ማጠራቀሚያ በተሠራው የጂፕሰም ኩሬ ውስጥ ተቀመጠ። ኖቬምበር 4 ቀን 2012 ኩሬው ቀዳዳ አበጀ። ኒኬልና ዩራኒየም የነበረበት ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ከኩሬው አመለጠ፤ ከፊሉም በአካባቢው ወዳሉ ወንዞችና ሐይቆች ገባ። በዚያው ዓመት ማርች ወር በፋብሪካው አንድ ሠራተኛ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ መርዝ ሞቶ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ኋላ በአካባቢ ጥበቃ ወንጀል ተከሰው ተፈርዶባቸዋል።

የአደጋው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የአካባቢ ብክለት ተብሎ ብቻ ነው፤ የምርቱ ታሪክም ሌላ ሳይሆን ያው ነው። ውኃ የጠገበ ክምር አየር አያስገባም፤ አየር ያጣ ባክቴሪያም አይሠራም። በፋብሪካው የሚዞረው ፈሳሽ በዝናብ ሲቀጥን ደግሞ ያንኑ ኒኬል ለማግኘት ብዙ ውኃ ማጣራት ያስፈልጋል። በዓመት 50 ሺህ ቶን ኒኬል የማምረት ዕቅድ የነበረው ኩባንያ በተሻለው ዓመቱ፣ በ2011፣ ያመረተው 16 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። በኖቬምበር 2014 ማዕድን ማውጫውን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ከሰረ።

በ2015 የፊንላንድ መንግሥት ቴራፋሜ በሚባል ኩባንያ ሥር ሥራውን ተረከበ። ሥፍራውን ዘግቶ ማጽዳት በራሱ ከፍተኛ ወጪ ስለነበረው እያመረቱ ማስተካከል ይሻላል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። የታከመውን ውኃ ወደ ሰፊው የኑአስያርቪ ሐይቅ የሚያፈስ ቱቦ ተዘረጋ፤ ይህም ከሐይቁ ነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ2018 እና በ2019 ዓመታዊው ምርት ከ27 ሺህ ቶን አለፈ። በ2021 ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚውል የኒኬልና የኮባልት ሰልፌት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ያው አለትና ያው ባክቴሪያ እያሉ ውጤቱ እንዲህ መለዋወጡ የተለወጠውን ለማወቅ ይረዳል፤ ከተለወጡት ነገሮች ዋነኞቹ የውኃው አያያዝና ከኪሳራው በኋላ የገባው የመንግሥት ገንዘብ ነበሩ።

ዩራኒየሙ የት ይገባል

ዩራኒየም የሚሟሟው ስለተፈለገ አይደለም። ኒኬሉን የሚያሟሟው አሲድ እሱንም ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ወይ ከዝቃጩ ጋር ኩሬ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ከኒኬሉ ምርት ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፣ ወይም ለብቻው ይለያል። ቴራፋሜ ፈቃድ አግኝቶ በ2024 ሦስተኛውን ጀምሯል። የስዊድን መንግሥት ክልከላውን ሲያነሳ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ ሌላ ብረታ ብረት ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ዩራኒየም በክልከላው ምክንያት መሸጥ ሲችል ቆሻሻ ተብሎ ይጣላል የሚል።

በኬሚስትሪ ረገድ ይህ ክርክር ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ዩራኒየሙን መለየት ሰልፌቱን፣ ማንጋኒዙንና አሉሚኒየሙን አይቀንሳቸውም። በተቃዋሚዎች በኩልም ተመሳሳይ ክፍተት ይታያል፤ ጨረራ የሚለው ቃል ስለሚያስፈራ ክርክሩ ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። በታልቪቫራ ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ሐይቆች ክፉኛ የጎዳው ግን ከጨረራ ይልቅ ሰልፌቱ ነው፤ ጨዋማው ከባድ ውኃ ከሐይቁ ሥር ተኝቶ የላይኛውና የታችኛው ውኃ እንዳይቀላቀል፣ ኦክስጅንም ወደ ታች እንዳይደርስ አድርጓል።

በስዊድን የሚኖሩ አንባቢዎች ከዚሁ አለት ጋር በሌላ መንገድ ሳይገናኙ አልቀሩም። ከአለም ሼል የተሠራው «ብሎቤቶንግ» የሚባል ሰማያዊ መሰል ቀላል ብሎኬት እስከ 1975 ድረስ ለመኖሪያ ቤቶች ሲውል ቆይቷል። ከአለቱ ዩራኒየም መፈራረስ የሚመነጨው ራዶን የተባለ ጋዝ ከግድግዳው ስለሚወጣ፣ በዚያ ዘመን በተሠሩ ቤቶች የራዶን ልኬት ማስደረግ የተለመደ ነው፤ የአገሪቱ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 200 ቤክሬል (የጨረራ መለኪያ) ነው። ይህ ከማዕድን ማውጣቱ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ስለሚሰማ ነው የተነሳው።

የሚከራከሩት ወገኖች

ደጋፊዎቹ የሚነሱት ከአቅርቦት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ሥራ ላይ ያዋለው የወሳኝ ጥሬ ዕቃዎች ሕግ እስከ 2030 ድረስ ኅብረቱ ከሚያስፈልገው ስትራቴጂያዊ ጥሬ ዕቃ ቢያንስ 10 በመቶውን ከራሱ መሬት እንዲያወጣ፣ 40 በመቶውን ራሱ እንዲያጣራ፣ በማናቸውም ጥሬ ዕቃ ከ65 በመቶ በላይ በአንድ የውጭ አገር ላይ እንዳይንጠለጠል ግብ አስቀምጧል። ቫናዲየም ብረትን ለማጠንከርና የኤሌክትሪክ ኃይልን በፈሳሽ ለሚያከማቹ ትልልቅ ባትሪዎች ያገለግላል፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚመጣውም ከቻይና፣ ከሩሲያና ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚህ አንጻር የስዊድን ሼል ማጓጓቱ አያስገርምም።

ሌላው ወገን የሚጠይቀው ከዋጋ አንጻር ነው። እነዚያው ተፎካካሪ አገሮች ቫናዲየም የሚያወጡት በዋናነት ብረትና ታይታኒየም አዘል ከሆነ ሌላ አለትና ከብረት ማቅለጫ ተረፈ ምርት በመሆኑ ወጪያቸው ዝቅተኛ ነው። በኒኬልም በኩል ኢንዶኔዥያ ከግማሽ በላይ የዓለምን ምርት ይዛ ዋጋውን ስላወረደችው በሌሎች አገሮች ማዕድን ማውጫዎች እስከ መዘጋት ደርሰዋል፤ ኒኬል የማይጠቀሙ የብረትና ፎስፌት ባትሪዎችም እየተስፋፉ ነው። ኩንታል አለት ፈጭቶ ሩብ ኪሎ የሚያገኝ አምራች ዋጋ ሲወርድ ለመሸከም ያለው አቅም አነስተኛ ነው።

የዬምትላንድ ነዋሪዎች ጥያቄ ደግሞ ስለ ውኃ ነው። የሼል ሥፍራዎቹ የሚገኙት የኦስተርሹንድ ከተማ የመጠጥ ውኃ በሚቀዳበት በስቱርሾን ሐይቅ አካባቢ ነው። አጋዘን የሚያረቡት የሰሜን ስካንዲናቪያ ተወላጆች፣ ሳሚዎችም የግጦሽ መሬታቸው እንዳይቆራረጥ ይሰጋሉ። የታልቪቫራ ልምድ የእነዚህን ሰዎች ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ያጠነክረዋል፤ የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሐይቅ ባለበት ተፋሰስ ትርፍ ውኃን በቱቦ ወደ ሐይቅ መልቀቅ እንደ ሶትካሞ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። አዲሱ ሕግም ቢሆን ማውጫ አልከፈተም፤ የአሰሳ ፈቃድ፣ የማውጣት ፈቃድና የአካባቢ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ፈቃድ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚጠየቁና ዓመታት የሚወስዱ ናቸው።

ሥራው ሲያበቃ

ስዊድን ይህን መንገድ ቀድሞ ሞክራዋለች። በምዕራብ ስዊድን በራንስታድ ከ1965 እስከ 1969 ዩራኒየም ከአለም ሼል ይወጣ ነበር። በአንድ ቶን 300 ግራም ገደማ ዩራኒየም የነበረው ይህ አለት በዓለም ገበያ ከረከሰው ዩራኒየም ጋር መወዳደር ስላልቻለ 200 ቶን ገደማ ተመርቶበት ቆመ። ማውጫው የሠራው አራት ዓመት ያህል ነው፤ ሥፍራውን የማጽዳቱና ሕንፃዎቹን የማፍረሱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታትን ወስዷል።

ምክንያቱ ያው ሰልፋይዱ ነው። ተፈጭቶ ለአየር የተጋለጠ ፓይራይት ባለቤቱ ሥራ አቆምኩ ስላለ አሲድ መሥራቱን አያቆምም። በዚያው በስዊድን፣ ክቫርንቶርፕ በሚባል ሥፍራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት እስከ 1966 ድረስ ከዚሁ ሼል ዘይት ሲወጣ የተጣለው አመድና ስብርባሪ መቶ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጉብታ ሠርቷል፤ ጉብታው እስከ ዛሬ ከውስጡ ይግላል። በሶትካሞም ሁለተኛው ክምር የሟሟለትን ሰጥቶ ሲጨርስ እዚያው ስለሚቀር፣ አየርና ውኃ እንዳይገባው መሸፈንና ከሥሩ የሚወጣውን ፈሳሽ መከታተል ያስፈልገዋል።

የስዊድን ሕግ ማዕድን አውጪው ለማጽጃ የሚሆን የገንዘብ ዋስትና አስቀድሞ እንዲያስይዝ ያዛል። በጥቁር ሼል ጉዳይ አስቸጋሪው የዋስትናው መጠን ነው፤ ኬሚስትሪው ከኩባንያዎች ዕድሜ ይረዝማልና። ዋስትናው ለሃያ ዓመት ክትትል ቢሰላና ለመቶ ዓመት ቢሰላ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው፤ የሁለተኛው ስሌት ወጪ ከተጨመረ አሁን በወረቀት ላይ አትራፊ ከሚመስሉት ፕሮጀክቶች አንዳንዶቹ ከ«ሀብት» ወደ «ክምችት» ላይሸጋገሩ ይችላሉ።